ባለ እጅ

ሽታዬ የናዝሬትን ሴት የምታውቃት በፊቷ ሳይሆን በማጅራቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ኋላ ቆማ ሹሩባ ስትሠራ ስለኖረች፣ መንገድ ላይ ሰላም ያለቻትን ሴት ሁሉ "ይቺ ደግሞ ማናት?" ትልና ሴትዮዋ ስታልፍ ዞር ብላ ከኋላ አይታ "ውይ! ለካ እሷ ናት!" ትላለች። ሰው ይስቅባታል። ይሳቅባት፣ ምን ቸገረን፤ የሷን ያህል አናት ቀጥ አድርጎ የሚከፍል ሰው ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ፈልጋችሁ አምጡና እኔ አፌን እዘጋለሁ።

ትውልዷ ቆቃ ነው። አባቷ ዓሣ አስጋሪ ነበር፣ እናቷ ደግሞ ሰፌድ የምትሰፋ፣ ሙሽራ ሲኖር ጸጉር የምትጎነጉን ሴት። ናዝሬት ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ገርባ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ልጃቸው ገላኔ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የሻሸመኔ መንገድ በላው። ከዚያ ወዲህ ሽታዬ ወንድ አላየችም። በረንዳዋ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ደርድራ፣ የሰው ጸጉር እየጎነጎነች ልጇን አሳደገች፣ አስተማረች። ልጅቱም አላሳፈረቻትም፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ባንክ ተቀጠረች፣ ተረከዙ የሚጮኽ ጫማ አድርጋ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ስታስቆም ሰፈሩ ሁሉ "አይ የሽታዬ ልጅ!" ይላል።

ሽታዬ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጇን በገዛ እጇ ሠርታ፣ "እናት" ተብላ ቆማ መዳር። በቃ፣ ሌላ የላትም። የስንቱን ሙሽራ ጸጉር ሠርታ፣ ሚዜዎቹ ሲያጨበጭቡ ማበጠሪያዋን በፌስታል ጠቅልላ ከበር ተመልሳለች። "ግድ የለም፣ የኔም ቀን ይመጣል" ትል ነበር።

ቀኑም መጣ። ምንተስኖት የሚባል፣ ጸባየ ሸጋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ገላኔን ወደዳት። እናቱ ወይዘሮ በላይነሽ ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ ናዝሬት ከገቡ ግን አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ወይዘሮ በላይነሽ እንኳን ዘር ቆጥረው "ኦሮሞ ናት አማራ ናት" ሊሉ፣ ያነሣባቸውን ሰው "ሰው ሰው ነው፣ ምን ማለትህ ነው!" ብለው አሳፈሩት። የቀረው አንድ ነገር ነበር። "ከልጅቷ እናት ጋር ሴት ለሴት ቁጭ ብለን እንጫወት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ" ብለው ላኩ።

ይሄኔ ገላኔ እናቷን ወጥ ቤት አግኝታ በሩን ገፋ አደረገችና፣

"እማ፣ ባክሽ እሑድ ብዙ አታውሪ" አለቻት።

"ለምን?"

"በቃ… አማርኛሽ። ደግሞ ጸጉር ሠሪ ነኝ ምናምን አትበይ። ሲጠይቁሽ ብቻ መልሺ።"

ሽታዬ አማርኛ አትችልም ማለት አይደለም። ትከራከርበታለች፣ ትስቅበታለች፣ ካስፈለገም ትሳደብበታለች። ግን አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛን የተማረችው ከገበያና ከበረንዳ ነው፤ ወንዱን ሴት ታደርጋለች፣ በ"እርስዎ" ጀምራ በ"አንቺ" ትጨርሳለች። ይህን ራሷም ታውቀዋለች። ከልጇ አፍ ስትሰማው ግን አንጀቷ ተቆረጠ። በማግሥቱ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝታ ጋሽ ኪዳነወልድ ቤት ሄደች።

ጋሽ ኪዳነወልድ ሠላሳ አምስት ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ የሰፈር ተማሪ ሰብስበው ያስጠናሉ። አማርኛቸው የተወለወለ ነው፤ ቃል ሲሳሳት የሰሙትን ሰው እንደ ሌባ ያፋጥጡታል። ሽታዬ ደግሞ ዕድሜ ልኳን "የተማረ ይግደለኝ" ስትል የኖረች ሴት ናት። ሰው ሲናገር የሚያመጣውን አያውቅም።

"አስተምሩኝ ጋሼ። ልጄን ልድር ነው" አለቻቸው።

ጋሽ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "ቃል ብቻውን ሬሳ ነው። ቃል የሚታወቀው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። 'ብልሃት' በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሪ" አሏት።

ሽታዬ ከልጆቹ መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ ብዙ ቆይታ ጻፈች። ጋሽ ኪዳነወልድ ደብተሩን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። "ልጄን በብልጠት አሳደግኳት።" ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም አላስቆሟቸውም፤ ጥቂት ጠበቁና ነው የተናገሩት።

"ብልጠት አላልኩሽም፣ ብልሃት ነው ያልኩሽ። ብልጥ የሰውን ላም አልቦ 'ወተት የላትም' የሚል ነው። ብልህ ግን ላሚቱ ሳትራገጥ የሚያልብ ነው። ገባሽ? ብልጥ ነኝ ካልሽ ሌባ ነኝ ማለትሽ ነው።"

ሽታዬ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን እንደገና ጻፈች። ልጄን በብልሃት አሳደግኋት። ጋሽ ኪዳነወልድ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አደረጉላት። እናንተዬ፣ ያን ምልክት ያየ ሰው ዲግሪ የተቀበለች ይመስለው ነበር! ሳምንቱን ሙሉ ብልሃት ከአፏ አልጠፋም። ባጃጅ ነጂውን "በብልሃት ንዳ፣ አቧራው ዓይኔ ገባ" ትለዋለች። ሽንኩርት ሻጯን "ሚዛኑን በብልሃት ያዢው" ትላታለች። ጎረቤቷ ሑስና "ምን ነካሽ፣ ብልሃት ጠጥተሽ ነው የምታድሪው?" ብላ እስክትስቅባት ድረስ።

ቀጥሎ "ባለ" መጣ። ጋሽ ኪዳነወልድ "ባለ ማለት ያለው፣ የያዘ ማለት ነው" ብለው አስረዱ። ባለቤት፣ ባለጸጋ፣ ባለሥልጣን፣ ባለአደራ። "አንቺ ደግሞ አምስት የራስሽን ሠርተሽ ነይ።" ሽታዬ ማታ ልጇ ስትተኛ መብራት አጥፍታ፣ በስልኳ ብርሃን ጻፈች። ባለሱቅ። ባለባጃጅ። ባለልጅ። ባለጌ። አምስተኛው ቸገራት። እጆቿን አየቻቸው። ጣቶቿ ሃያ ስድስት ዓመት ከጎነጎኑት ጸጉር የተነሣ ጫፋቸው ጠንክሯል። ልጅ ያሳደጉላት፣ ቤት ያቆሙላት እነሱ ናቸው። አምስተኛውን ጻፈች፤ ባለ እጅ።

በማግሥቱ ጋሽ ኪዳነወልድ "ባለጌ" ላይ ሲደርሱ ደብተሩን ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸውም።

"ይሄ ስድብ ነው!"

"ጌ ያለው ሰው ማለት አይደለም እንዴ?"

ልጆቹ እንደገና ፈረሱ። ጋሽ ኪዳነወልድ "ባለጌ"ን በቀዩ ሁለት ጊዜ ሰረዙት። "ባለ እጅ" ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። ቀና ብለው ሽታዬን አዩዋት፤ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰች። ከዚያ የራይት ምልክት አደረጉበት። ሽታዬም ልቧ ሞላ፤ ክፉውን ቃል ሰርዘው ይሄን ካለፉት፣ ይሄማ ደህና ቃል ነው ማለት ነው። ደግሞ ማንም ያልሰጣት፣ ራሷ የሠራቻት ቃል! ከብልሃትም በላይ ወደደቻት። ለገላኔ እንኳን ሳትነግራት ለእሑድ አስቀመጠቻት።

የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ባለ እጅ በድሮው አማርኛ ቀጥቃጭ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነው፣ ቆዳ ፋቂ ነው። ብረት አግሎ ማረሻ ለሚሠራ ሰው፣ ጭቃ ለውሳ ድስት ለምትሠራ ሴት አገሩ የሰጠው ምስጋና ደግሞ "ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ" የሚል ነው። በድስታቸው እየበላ፣ በማረሻቸው እያረሰ! ቡዳ ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነውር ስለሆነ "ባለ እጅ ናቸው" ይባላል፤ ሰሚውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አሃ" ይላል። ከዚያ ቤት አይጋቡም፣ ፊታቸውም አይበሉም። የዛሬ ልጆች ቃሉን አያውቁትም፤ ገላኔም አታውቀውም ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ግን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ልጃቸው በአራት ዓመቱ በሦስት ቀን ሕመም ነው የሞተባቸው፤ "በልቶ ሳለ ሰው አይቶት ነው" ተባሉ፣ አመኑ፣ እስከ ዛሬም ያምናሉ።

እሑድ መጣ። ሽታዬ ወንድሟ ከቆቃ የላከላትን ትኩስ ዓሣ ጠበሰች፣ ሶፋውን ራሷ በሠራችው ዳንቴል አለበሰች። ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ተሳሳሙ፣ ተቀመጡ። ገላኔ ለስላሳ አቅርባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስታልፍ እናቷን በዓይኗ "ብዙ አታውሪ" አለቻት።

ዓሣው ተበላ፣ ተመሰገነ። ወይዘሮ በላይነሽ ልጅ ያለ አባት ማሳደግ እንዴት እንደሚከብድ አነሡ። ሽታዬ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣

"ልጄን በብልሃት አሳደግኋት እመቤት። እርስዎም እንደሚያውቁት ብልጠት ሌላ ነው፣ ብልሃት ሌላ ነው" አለች።

"እሰይ! እንዴት ያለ አነጋገር ነው!" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ከልባቸው። "የዛሬ ልጆች እንኳን ይሄን አይለዩትም።"

ሽታዬ ሰከረች። ጠጅ አይደለም፣ ቃል ነው ያሰከራት። እዚያ ላይ አፏን ብትዘጋ ኖሮ ይሄን ታሪክ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ወይዘሮ በላይነሽ ዳንቴሉን በጣታቸው እየዳሰሱ "ይሄን ደግሞ ከየት ገዙት?" አሉ።

"አልገዛሁትም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች ሽታዬ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። "እኛ እኮ በዘራችን ባለ እጅ ነን።"

የወይዘሮ በላይነሽ ጣት ከዳንቴሉ ላይ ተነሣ። "ምን አልሽኝ?"

"እርስዎ" መቅረቱን ሽታዬ አላስተዋለችም፤ ሴትየዋ በአድናቆት የተጠጉ መሰላት። "ባለ እጅ! እናቴ ባለ እጅ ነበረች፣ አያቴም ባለ እጅ ነበረች። ሰው ከሻሸመኔ ድረስ እኛን ብሎ ይመጣ ነበር።"

"ልጅቷስ?"

"ገላኔ? እሷማ ከሁላችን ትበልጣለች! ደም እኮ ነው፣ ይወርዳል።"

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "በስመ አብ" ሲሉ ገላኔ ከወጥ ቤት ወጣች። ሴትየዋ ሆዴን አሞኛል ብለው ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ሽታዬ ልትስማቸው ብትጠጋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት፣ ዓይኗንም አላዩም። የበሉት ዓሣ እንዳይሠራባቸው ሦስት ቀን ጠበል ጠጡ መባሉን የሰማነው በኋላ ነው።

ማታውኑ ምንተስኖት ደወለ። ገላኔ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች፣ ስትወጣ ፊቷ አመድ ለብሷል። "እማ፣ ምን ብለሻቸው ነው?" ሽታዬ በኩራት ነገረቻት። ልጅቱ ደረቷን ደለቀች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለእናቷ ያስረዳቻት እሷ ናት፣ እያለቀሰች፣ ምንተስኖት በስልክ እንደነገራት። ሽታዬ መጀመሪያ ሳቀች። "እኔ? ጅብ?" አለች። ልጇ አብራት እንዳልሳቀች ስታይ ነው ሳቋ የተቆረጠው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽታዬ "አማርኛዬ ነው፣ ቃሉን አላውቀውም ነበር" ብትል ማን ይሰማታል? "ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካልሆነ በቀር እንዴት ይናገራል?" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገብረወልድ የሚባሉ ደግ ሰው፣ "እንግዲያው ቃሉን የሚያውቅ የተማረ ሰው ይዳኘን" አሉ። ሽታዬ በደስታ ዘለለች። "ጋሽ ኪዳነወልድ! እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ!"

አራቱ ሰዎች፣ ሽታዬ፣ ገላኔ፣ ወይዘሮ በላይነሽና አቶ ገብረወልድ፣ ጋሽ ኪዳነወልድ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር ከእሳቸው የሚፈለገው። "ምስኪን፣ ጎበዝ ነኝ ለማለት ፈልጋ ነው።" በቃ። ይህቺን ቢሉ ሰርጉ ሰርግ ነበር። ጋሽ ኪዳነወልድ ግን ዕድሜ ልካቸውን ጥያቄ ሲጠየቁ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ባለ እጅ" አሉ፣ "አንደኛ፣ በእጁ ጥበብ የሚያድር፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ። ሁለተኛ፣ በሕዝብ አነጋገር፣ ዓይነ ክፉ የሆነ፣ ሰው የሚበላ። ሦስተኛ ትርጉም የለውም።"

"ጋሼ" አለች ሽታዬ።

"ሽታዬ ምን ልትል እንደፈለገች እኔ ልብ መርማሪ አይደለሁም። የተጠየቅሁት ቃሉን ነው።"

ሽታዬ ደብተሯን ከብብቷ አወጣች። ገጹን ገልጣ ፊታቸው ያዘችው። "ይኸው ምልክቱ! እርስዎ ነዎት ልክ ነው ያሉኝ። ባለጌን ሰረዙልኝ፣ ይሄን ግን ልክ ነው አሉኝ። ክፉ ቢሆን ለምን አልነገሩኝም?"

ጋሽ ኪዳነወልድ ደብተሩን አዩት። አልደነገጡም፤ እንዲያውም አንድ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቃቸው የሚያሳዩትን ዓይነት ፊት አሳዩ።

"ባለጌ ስድብ ነው፣ ስለዚህ ሰረዝኩት። ባለ እጅ ስድብ አይደለም፣ ስም ነው። ቃሉ ልክ ነው። የት እንደሚባል ደግሞ አልጠየቅሽኝም።"

እግዜር ያሳያችሁ! ቃል በዓረፍተ ነገር ነው የሚታወቀው ያለ ሰው ነው ይሄን የሚለው። ብልሃትን ለሰፈር ሁሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በዚያች ሰዓት የጤፍ ፍሬ የምታህል ብልሃት ከእሳቸው ጠፋች። ወይም አልጠፋችም፣ አውቀው ደበቋት፤ እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው። ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። አቶ ገብረወልድ መሬት መሬት እያዩ "እንግዲህ…" አሉ፣ እንግዲህ የሚለውም ቃል ብቻውን ቀረ።

ወሬው ከናዝሬት ፖስታ ቤት እስከ ሽታዬ ሰፈር በአንድ ቀን ተዳረሰ። አንዲት ደንበኛ ግማሽ አናቷ ተሠርቶ ስልክ ተደወለላት፣ "መጣሁ" ብላ እንደወጣች ሌላውን ግማሽ ሌላ ቦታ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ የበረንዳዋ ወንበሮች ባዶ ዋሉ። ቡዳ ናት በተባለች ሴት ጣት ጸጉሩን የሚሰጥ ማን አለ? የረገፈ ጸጉሯን በፌስታል አስቋጥራ የወሰደችም ነበረች። ሑስና ብቻ "እኔ አልፈራም፣ ያለኝ ጸጉር ለጅብም አይበቃም" እያለች እየመጣች ጸጉሯን ታሠራ ነበር። ሽታዬ ይህን ሁሉ ቻለችው። ልጇ ካልተተወች፣ ሰርጉ ካልቀረ፣ ወንበሩ ባዶ ቢውል ምን አለበት? ማታ ማታ የምትጸልየው ለዚያች ለአንዲት ነገር ብቻ ነበር።

ጸሎቷም ተሰማ፤ አሰማሙ ግን አይጣል ነው። የገና በዓል ሲያልፍ ገላኔ ከሥራ በጊዜ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ ሰርጉ አይቀርም" አለች።

ሽታዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ልጅቷ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

"ቆይ ስሚኝ። ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳቸው… አልወለደችኝም ብያቸዋለሁ። እናቴ ስወለድ ሞታለች፣ ሽታዬ አሳዳጊዬ ናት አልኳቸው። ቆቃ ያለው አጎቴም መስክሯል። እንግዲያው ደሟ የለብሽም ብለው አለቀሱ፣ ሳሙኝ።"

ሽታዬ ያሰበችው ወንድሟን ነው። ወንድሟም? ያንን ዓሣ የላከላት?

"ለጊዜው ነው እማ። አንቺ እናቴ መሆንሽ የት ይሄዳል? እኔና አንቺ እናውቃለን አይደል? ነገሩን በብልሃት ነው የያዝኩት።"

በብልሃት። አያችሁ፣ ልጅቱ ቃሉን ከቦታው አላሳሳተችውም። ሰዋስዉም ደህና፣ ትርጉሙም ደህና፤ ጋሽ ኪዳነወልድ ቢሰሙት በቀይ ራይት ያደርጉበት ነበር። ሽታዬም ገባት፤ ይሄን ቃል ከነነፍሱ የተረዳችው ያን ቀን ነው።

"እሺ ኢንታላ ኮ፣ እሺ ልጄ" አለች በመጨረሻ። "አሳዳጊም ከሆንኩ ልሁን። ሰርጉ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ።"

ገላኔ መሬቱን አየች። "እሱም… እትዬ በላይነሽ ድግሱ ላይ ባትገኚ ይሻላል ብለዋል። ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይፈራል። አሳዳጊዋ ታማለች እንላለን።"

ሽታዬ አሁንም አልወደቀችም። እናቶች ምን ዓይነት ፍጥረት ናቸው! ሁሉ ነገር ተወስዶባት እንኳን የቀረችውን ትንሽ ነገር ፈለገች። "ግድ የለም። ዓርብ ዕለት እዚሁ እሠራሻለሁ፣ ማንም አያይም። አናትሽን ከመሐል ከፍዬ፣ ከፊት ቀጭን ቀጭን፣ ከኋላ ደግሞ…" እያለች ስትናገር እጇ ሳታስበው ወደ ልጇ ጸጉር ሄደ። ይህን ጸጉር ልጅቷ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የት ላይ እንደሚሳሳ፣ የት ላይ እንደሚጠነክር፣ ከግራ ጆሮ ኋላ ያለችውን ጠባሳ ሁሉ።

ገላኔ አንገቷን ሸሸት አደረገች።

የሸሸችው ትንሽ ነው፤ አራት ጣት አይሞላም። አስባ አላደረገችውም፤ ገላዋ ነው ቀድሞ የሸሸው። ወዲያው ራሷም ደነገጠች፣ "እንዴ እማ፣ እኔ አላምንበትም እኮ! ሳሎን ቀጠሮ ስለያዝኩ ነው፤ ደግሞ እትዬ በላይነሽ ማን ሠራሽ ብለው ይጠይቃሉ…" እያለች የእናቷን እጅ ልትይዝ ዘረጋች። ሽታዬ ግን እጇን ጭኗ ላይ መልሳ አስቀምጣ ነበር። ወደ ልጇ አላየችም። ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን እያየች ቆየች፤ "ልጄም ከሸሸች እንግዲህ እንጃ፣ እኔ ራሴ አላውቅ ይሆናል እንጂ ቡዳ ሳልሆን አልቀርም" ብላ እንዳሰበች በኋላ ለሑስና ነግራታለች።

"ምን አሞኛል ልበል?" አለች።

"ስኳር በይ። ስኳር አያከራክርም።"

ቅዳሜ ጠዋት ሽታዬ ተኛች። ሰርገኛ መኪናዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ በዋናው መንገድ ሲያልፉ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ነበር። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ገቡ፤ አልጋው አጠገብ ሳይሆን በሩ አጠገብ ተቀመጡ። "ምን ሆንሽ?" አሏት። "ስኳር" አለች። አንዲት አሮጊት፣ ከሩቅ ሆነው፣ በእውነት አዝነው፣ "ስኳር እጅ ያደነዝዛል ይባላል። አንቺንስ እጅሽን ነው?" ብለው ጠየቋት።

"አዎ እማማ፣ እጄን ነው" አለች ሽታዬ፣ ከብርድ ልብሱም ሥር አላወጣችውም።